የሐዲድ መቀየሪያን በእጅ መሳብ፦ ትርፉ እንቅስቃሴ የት ይግባ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ሞዴል ባቡሮችን የማስኬድ ሰው ነኝ። የምሠራው በኤች-ኦ መጠን ነው፤ 1:87፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 16.5 ሚሊሜትር። ጠረጴዛዬ ላይ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞሩ 14 መቀየሪያዎች አሉ። ዘጠኙ የፋብሪካ ሥራ፣ አምስቱ ደግሞ በገዛ እጄ የሠራኋቸው ናቸው። እስካሁን አራቱን በኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ ነበር የማንቀሳቅሰው። በቅርቡ አንዱ ቁልፍ እንደተጫነ ቀረና መጠምጠሚያው ጤሰ። እነዚህ መጠምጠሚያዎች ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ብቻ እንዲያልፍባቸው የተሠሩ ስለሆኑ ከቆየባቸው ይቃጠላሉ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በዘንግና በሽቦ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆሜ በእጄ ለመቀየር ወሰንኩ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ቀላል ነበር። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ከጠርዙ ጀምሬ በጠረጴዛው ሥር 110 ሳንቲሜትር ዘረጋሁ። ጫፉን ወደ ላይ አጥፌ በኮምፔንሳቶው ቀዳዳ አሾለኩትና ሁለቱን ምላሶች፣ ማለት የሚንቀሳቀሱትን የሾሉ ሐዲዶች፣ በሚያያይዘው ፕላስቲክ ላይ ሰካሁት። አንድ ጊዜ ሳብኩት፤ ሠራ። ሁለተኛ ስገፋው “ቀጭ” አለ። ወርጄ ሳየው ማያያዣው ቀዳዳው ላይ ለሁለት ተሰብሯል። በሌላ ተክቼ የዘንጉን እንቅስቃሴ በማገጃ አሳጠርኩት። አሁን ደግሞ ምላሱ ከቋሚው ሐዲድ ጋር አይገጥምም፤ የፀጉር ያህል ክፍተት ይቀራል። ያቺ ክፍተት የሎኮሞቲቩን የመጀመሪያ ጎማ ለመጣል በቂ ናት። ስገፋ ይሰበራል፣ ስቀንስ አይገጥምም። በዚህ መካከል ያለውን መንገድ የሚያውቅ ቢያሳየኝ።

ምላሾቹ

ክሩ፣ ማለት በጥያቄዬ ሥር የተከፈተው ውይይት፣ ሳላስበው ረዝሞ 17 ምላሾች ደርሷል። ብዙ ሰው መሃል ላይ ስለሚጠፋበት በየተራው ምን እንደተባለ እዚሁ አስፍሬዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ የረባውን ግን አላሳጠርኩም።

የ1ኛው ምላሽ ጸሐፊ በትሕትና የጀመረው በጥያቄ ነው፦ መቀየሪያዎቹ ውስጣቸው ሞላ አላቸው ወይ? የፋብሪካዎቹ ፔኮ የተባለው አምራች ሥራ መሆናቸውንና በማያያዣው ሥር ትንሽ ሞላ እንዳላቸው ነገርኩት። እንግዲያው ሁለት ዓይነት ችግር ነው ያለህ አለኝ። ሞላ ያለው መቀየሪያ መሃሉን አንዴ ካለፈ ምላሱን ራሱ ወደ ሐዲዱ ይወረውረዋል፣ ራሱም አጥብቆ ይይዘዋል። የዘንጉ ሥራ መሃሉን ማሻገር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዞር ማለት አለበት። ስለዚህ ዘንጉን ማያያዣው ላይ አጥብቆ መስካት ስሕተት ነው፤ የዘንጉ ጫፍ በመጠኑ ሰፋ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ልል ብሎ ይቀመጥ። በእጅ የተሠሩት ግን ሞላ ስለሌላቸው የሚገፋቸው ነገር ገፍቶም መያዝ አለበት። እኔ አንዱን መድኃኒት ለሁለቱም እፈልግ ነበር። ከክሩ ሁሉ አንድ ምላሽ ብቻ አስቀር ብባል ይህን አስቀራለሁ።

2ኛው አጭር ነበር። እጅ የሚደርስበትን በጣት መግፋት እያለ ይህ ሁሉ ዘንግ ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቀ። ጠርዝ ላይ ላሉት ሦስቱ እውነቱን ነው፣ እነሱን በጣት ትቻቸዋለሁ። ግን 110 ሳንቲሜትር ርቆ ከቤቶችና ከዛፎች ጀርባ ያለውን በጣት ለመንካት ክንድ በመንደሩ ላይ ማለፍ አለበት።

3ኛው ምላሽ ዘለግ ያለ ነበር፤ ስድስቱን መቀየሪያዎቼን የሠራሁት በእሱ ነው። ከጠረጴዛው ሥር፣ ልክ ከማያያዣው በታች ተራ ተንሸራታች ስዊች በብሎን ይታሰራል። በስዊቹ ጉብታ ላይ አንድ ቀዳዳ በአግድም፣ አንድ ቀዳዳ በቁም ይበሳል። በአግድሙ ከጠርዝ የመጣው ወፍራም ዘንግ ይገባል፤ በቁሙ ደግሞ ቀጭን የብረት ሽቦ ቆሞ፣ በኮምፔንሳቶው ሰፊ ቀዳዳ አልፎ ማያያዣው ውስጥ ይገባል። ስዊቹ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል። እንቅስቃሴውን ከሁለቱም በኩል ያግዳል፣ ከደረሰበት ቦታ ሳይነቃነቅ ይይዛል፣ በዚያው ላይ ለመቀየሪያው ልብ፣ ማለት የሁለቱ መንገዶች ሐዲዶች ለሚገናኙበት ቦታ፣ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይቀያይራል። የእጅ ጉልበት ስዊቹ ላይ ያበቃል፤ ወደ ምላሱ የሚደርሰው ሽቦው ጎብጦ የሚሰጠው ግፊት ብቻ ነው። በደረቁ ዘንግና በስሱ ፕላስቲክ መካከል የሚተጣጠፍ ነገር መግባት አለበት ማለቱ ነው። የእኔን ማያያዣ የሰበረው የዚህ አለመኖር መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት።

4ኛው አላማውን ተቀብሎ ቁጥሩን አረመው። 3ኛው የሽቦ ውፍረት ብዙም ልዩነት አያመጣም ብሎ ነበር፤ 4ኛው በዚህ አልተስማማም። የሽቦ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ እርከን ያድጋል፤ 0.8 ሚሊሜትር የነበረው 1 ሚሊሜትር ሲሆን ግፊቱ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ርዝመት ደግሞ በሦስተኛ እርከን ይሠራል፤ ነፃው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ምሳሌውን በራሱ ልክ ሠርቶ አስቀመጠ። ስዊቹ 4 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ ምላሱ 2 ሚሊሜትር ብቻ ይፈልጋል እንበል፤ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ይተርፋል። 25 ሚሊሜትር ነፃ ርዝመት ያለው የ0.8 ሽቦ ያን ትርፍ ጎብጦ ሲቀበል ምላሱን የሚገፋው የ80 ግራም ክብደት በሚያህል ኃይል ነው። በ1 ሚሊሜትር ሽቦ ወደ 190 ግራም ይደርሳል። የመጀመሪያው ለምላሱ በቂ ነው፤ ሁለተኛው በእጅ በተበየደ ማያያዣ ላይ ከባድ ነው። ልኬቱን በራሴ ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። በ0.8ቱ ምላሱን በጥፍሬ ከሐዲዱ ላነሣው እችላለሁ፤ ስለቀው ተመልሶ ሐዲዱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ የብረት ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ሲሰማኝ ነው መቀየሪያው ተስተካከለ የምለው።

5ኛው ስዊች የሚባል ነገር የማይወድ ሰው ነው። በቱቦ ውስጥ የሚሮጥ ሽቦን ያወድሳል። ቀጭን የብረት ሽቦ በጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦው በየ10 እና 15 ሳንቲሜትሩ በኮላ ወይም በትንሽ ቅንፍ ይያዛል። ቱቦው የሚያስፈልገው ሽቦ ሲሳብ ቀጥ ስለሚል፣ ሲገፋ ግን ስለሚጎብጥ ነው። ያልተደገፈው ርዝመት በእጥፍ ቢያድግ ሽቦው ሳይጎብጥ የሚችለው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ አንድ ቅንፍ መዝለል ትንሽ ስንፍና ቢመስልም ብዙ ያስከፍላል። ትርፉን እንቅስቃሴ እሱ የሚያስገባው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ማያያዣው ሲጠጋ ሽቦውን በፒንሳ ጠምዝዞ 10 ሚሊሜትር የሚያህል፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ ቀለበት ያበጅለታል። ዘንጉ ከሚገባው በላይ ሲገፋ ቀለበቱ ይጠባል፣ ሲሳብ ይከፈታል፤ ምላሱ ግን ከሚችለው በላይ ጫና አያርፍበትም። ከብዙ ዓመት በፊት የሠራውን ጠረጴዛ ሲያፈርስ አንዱም ቀለበት እንዳልተሰበረ አጫወተን።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ጨዋ ነበር። 6ኛው ሲመጣ አየሩ ተለወጠ። የ3ኛውን ዘዴ ጀማሪን የሚያሳስት ብሎ ጠራው። በእሱ አባባል ተንሸራታች ስዊች ከጠረጴዛ ሥር አፉን ከፍቶ ሲቀመጥ አቧራ ይጠጣል፣ ኮንታክቱ ይዝጋል፣ ከዓመታት በኋላ የመቀየሪያው ልብ ኤሌክትሪክ ያጣል፣ ሎኮሞቲቩ መሃል ላይ ይቆማል። በምትኩ የተዘጋ ማይክሮ ስዊች ይሻላል አለ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ አነጋገሩ ግን 3ኛውን አስቆጣው። በ9ኛው ምላሽ ተመልሶ መጥቶ፣ ተንሸራታች ኮንታክት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን እየፈገፈገ እንደሚያጸዳ፣ የሚያበላሸው አለመጠቀም እንደሆነ መለሰ። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። በየቀኑ የሚቀየረው መቀየሪያ ላይ ተንሸራታች ስዊች አድርጌያለሁ፤ በዓመት ሁለቴ በምነካው የዕቃ መጋዘን ሐዲድ ላይ ማይክሮ ስዊች አድርጌያለሁ።

7ኛው የብስክሌት ፍሬን ካቦ ይዞ መጣ፤ ጥምዝምዝ መንገድ ላለበት ጠረጴዛ ከዘንግ ይሻላል አለ። ካቦው የሚስበው እንጂ የሚገፋው ስላልሆነ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ ከወዲያኛው ጫፍ መኖር አለበት። በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጨመረ። አንደኛ፣ የውጩ ሽፋን በሁለቱም ጫፍ ካልታሰረ ገመዱ ሳይሆን ሽፋኑ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛ፣ ሰበቃውን የሚወስነው ከርዝመቱ ይልቅ የመታጠፊያዎቹ ድምር ነው፤ አንድ ሰፊ ዙር ከአራት ትናንሽ ጠመዝማዛ ይሻላል። በአንዱ መቀየሪያዬ ላይ የእግር ምሰሶ መንገዴን ስለዘጋ ይህንኑ አድርጌያለሁ። መጀመሪያ ሽፋኑን አላሰርኩትም ነበርና ሽፋኑ በጠረጴዛው ሥር እንደ እባብ ሲንፏቀቅ ምላሱ አልነቃነቅ አለኝ። ካሰርኩት ወዲህ ይሠራል።

8ኛው ምላሽ የመጣው በእውነተኛው ባቡር ላይ የመቀየሪያ ማንሻ ሲጎትቱ ከኖሩ ጡረተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጥያቄዬን በቀጥታ አልመለሱም፤ ግን ማንም እንዲያቋርጣቸው አልፈለገም። በብሪታንያ አሠራር የመቀየሪያው ማንሻ ጥቁር፣ የማቆሚያ ምልክቱ ቀይ፣ የሩቅ ማስጠንቀቂያው ቢጫ፣ የመቀየሪያው መቆለፊያ ሰማያዊ፣ ሥራ የሌለው ማንሻ ደግሞ ነጭ እንደሚቀባ ነገሩን። ምልክቱ በሽቦ ይሳባል፤ መቀየሪያው ግን መገፋትም ስላለበት በዘንግ ነው። ዘንጉ ለእጅ ጉልበት የሚፈቀድለት ርቀት እዚያው አገር 350 ያርድ፣ ማለት ወደ 320 ሜትር ነበር። ያን ያህል ብረት በፀሐይ ሲግል ይረዝማል፤ 100 ሜትር ዘንግ በ30 ዲግሪ ልዩነት ወደ 36 ሚሊሜትር ይጨምራል። ስለዚህ መሃል ላይ እንቅስቃሴውን የሚገለብጥ ክንድ ይገባል፤ አንዱ ግማሽ ሲረዝም ሌላውም በተቃራኒው ይረዝማል፣ ትርፉም እዚያው ክንዱ ላይ ይጣፋል፤ ምላሱ ምንም አይሰማውም። ሰማያዊው ማንሻ የሚያንቀሳቅሰው መቆለፊያም ምላሱ በትክክል ካልገጠመ ወደ ቀዳዳው አይገባም፤ ማንሻው አልሄድ ካለ ሠራተኛው ከሐዲዱ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ያውቃል። ትርፉን ከምላሱ ቀድሞ የሚውጥ አንድ ቦታ የግድ ነው ማለታቸው ነበር። በሌላ መንገድ 3ኛውና 5ኛው ካሉት ጋር አንድ ሆነ።

10ኛው ስሌቱን ይዞ ተነሣ። ጋሼ ያሉት ለእውነተኛው ባቡር ነው፤ በእኛ ጠረጴዛ አንድ ሜትር ብረት በ20 ዲግሪ የሚረዝመው ሩብ ሚሊሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ ወሬው ሁሉ ጊዜ ማጥፋት ነው አለ። ቁጥሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ለትልቅ ሰው የሚገባ አልነበረም፤ በ11ኛው አንዲት እህት ይህን በግልጽ ነገረችው፤ ሽማግሌ ሲያጫውት ይደመጣል አለችው። ቀጥላም ብረቱ ባይረዝም እንጨቱ እንደሚንቀሳቀስ አሳየችው። ወፍራም ጣውላ እርጥበት ሲጠጣ በርዝመቱ ብዙም ባይለወጥ በጎኑ ያብጣል፤ ዘንጉ ጣውላውን በጎን አቋርጦ ከሄደ በዝናብ ወራት ልኩ ይዛነፋል። ኮምፔንሳቶ ሽፋኖቹ ተሻግረው ስለተጣበቁ ይህን ያህል አያስቸግርም። 10ኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ ጋሼም ሳይቀየሙ አመሰገኑት።

12ኛው በዚህ ዘመን ሽቦ የሚጎትት ሰው ያስቃል ብሎ ሰርቮ ሞተር፣ ማለት በታዘዘው ልክ ዞሮ የሚቆም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ እንድንገዛ ሊያሳምነን ሞከረ። ሰርቮ በዝግታ ይዞራል፣ ልኩም በፕሮግራም ይስተካከላል፤ ይህ እውነት ነው። የተጠየቀው ግን ሌላ ነው። ከሰዎች ጋር ጥቂት ተሰዳድቦ ሄደ፤ የስድቡን ዝርዝር አልጽፈውም።

ክሩን ወደ ቦታው የመለሰችው ያችው የ11ኛዋ እህት ናት። በ13ኛው ምላሽ በማንሻዎቿ መካከል የሠራችውን መቆላለፊያ ገለጸች። ጆን ሳክስቢ እ.ኤ.አ. በ1856 በእንግሊዝ አገር መቀየሪያና ምልክትን አያይዞ የሚያንቀሳቅስ ማሽን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ የባቡር ማንሻዎች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። እሷ ያንኑ በናስ ጠፍጣፋ ሠራችው። እያንዳንዱ ማንሻ አንድ ረዥም የናስ ጠፍጣፋ ይስባል፤ በጠፍጣፋው ጎን በሞረድ የተቆረጠ ባለ ሦስት ማዕዘን ጎድጎድ አለ። በሁለት ጠፍጣፋዎች መካከል ጫፎቹ የሾሉ ትንሽ ቁራጭ ትንሸራተታለች። የ3 ቁጥሩ ማንሻ ሲሳብ ቁራጯ ከጎድጎዱ ተገፍታ ወጥታ በ5 ቁጥሩ ጎድጎድ ውስጥ ትቀረቀራለች፤ 5 ቁጥር ከዚያ በኋላ ቢጎተት አይንቀሳቀስም። 3 ቁጥር ሲመለስ ቁራጯ ቦታ ታገኛለች፣ 5 ቁጥርም ይፈታል። ጎድጎዱ ከሚገባው በላይ ከተሞረደ መቆላለፉ ይላላል፤ ሦስቱን ጥላ እንደ አዲስ መቁረጧን ጽፋለች። ፎቶዋን ደጋግሜ ነው ያየሁት። ማንሻው እምቢ ሲል ጣቷ ላይ የሚሰማትን የገለጸችበትን ቦታ ሳነብ እኔም የራሴን ማንሻዎች እንደዚያ ለመሥራት ተመኘሁ።

14ኛው ወደ ኤሌክትሪኩ መለሰን፤ ባይመጣ ኖሮ ብዙ እሳሳት ነበር። የመቀየሪያው ልብ ብረት ከሆነ፣ ምላሱ ወደየት እንደዞረ ፖዘቲቩ ወይም ኔጋቲቩ መቀያየር አለበት። በ3ኛው ዘዴ ስዊቹ ይህን ይሠራል። ችግሩ ጊዜው ነው። ምላሶቹ ከልቡ ጋር በኤሌክትሪክ ከተያያዙ፣ ስዊቹ የተቀየረው ምላሱ የቀድሞውን ሐዲድ ሳይለቅ ከሆነ ሾርት ይፈጠራል። በሽቦው መጉበጥ ምክንያት ደግሞ ምላሱ ሁልጊዜ ከስዊቹ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያማረው ሽቦ ራሱ ሾርቱን ያመጣል ማለት ነው። በዲጂታል መቆጣጠሪያ የሚሠራ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ መሣሪያው ኃይሉን ይቆርጥና ጠረጴዛው ላይ ያለው ባቡር ሁሉ በአንዴ ይቆማል። መፍትሔው ልቡን ከምላሶቹ በመጋዝ ቆርጦ መለየት፣ እያንዳንዱንም ምላስ ከጎኑ ካለው ቋሚ ሐዲድ ጋር በቀጭን ሽቦ ማያያዝ ነው። ያኔ ምላሱ የሚነካው የራሱን ወገን ብቻ ስለሚሆን ስዊቹ ቢቀድም ቢዘገይ ግድ የለውም። አምስቱን የእጅ ሥራዎቼን ገልብጬ በስታኞ ያያያዝኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። በሁለቱ ላይ ብየዳው ፕላስቲኩን ስላቀለጠው ሐዲዱ የሚያርፍባቸውን አጋዳሚዎች መተካት ግድ ሆነብኝ።

15ኛው ስለ ቅባት ነበር። ዘይት አቧራ ስለሚይዝ በቱቦ ውስጥ ባይገባ፣ የእርሳስ ግራፋይት ዱቄት ይበቃል አለ። 4ኛው ጣልቃ ገብቶ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከስዊቹና ከምላሱ አካባቢ እንዲርቅ አስጠነቀቀ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

16ኛው የእኔ ነው። ሦስቱ በጣት፣ ስድስቱ በስዊችና በ0.8 ሽቦ፣ አራቱ በቱቦና በቀለበት፣ አንዱ በፍሬን ካቦ እየሠሩ መሆናቸውን ዘገብኩ። ከ14ቱ 13ቱ ሁልጊዜ ይገጥማሉ። 7 ቁጥር መቀየሪያ ግን አንዳንዴ ክፍተት ይተዋል፤ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ስዊቹን 1 ሚሊሜትር አዛወርኩ፣ ማያያዣውን ሞረድኩ፤ አልተለወጠም።

በ17ኛው ጋሼ መለሱልኝ። ሽቦውን ተወውና ጎንበስ ብለህ ምላሱን በአጉሊ መነጽር እየው፤ እኛ ማንሻው እምቢ ሲለን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ሐዲዱ ነበር አሉኝ። መብራት ይዤ ጎንበስ አልኩ። በምላሱና በቋሚው ሐዲድ መካከል፣ ከአጋዳሚው ላይ ከጌጡ ጠጠር አንዲት ፍሬ በኮላ ተጣብቃለች። ምላሱ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ይነካታል፣ ቀና ብሎ ሲያልፍ ያልፋታል። በመርፌ ጫፍ ፈልቅቄ አወጣኋት። ከዚያ ማንሻውን ሃያ ጊዜ ሳብኩ፤ ሃያ ጊዜም ያች ትንሽ የብረት ድምፅ ተሰማች።